ሳምንቷ ያልታወቀ ልጅ

መጀመሪያ ታይፎይድ ነው ተባልሁ። ሁለተኛው ክሊኒክ ታይፈስንም ጨመረበት። የምግብ ሽታ ያቅለሸልሸኝ ነበር፤ ዜና አንብቤ ከመቅረጫ ክፍሉ ወንበር ለመነሣት ጠረጴዛውን መደገፍ ጀመርሁ። ከጣቴ ደም ወሰዱ፣ ኪኒን ሰጡኝ፣ ውሃ አፍልተሽ ጠጪ አሉኝ። እርጉዝ ትሆኚ ይሆን ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ያልጠየቅሁበት ምክንያት አለ። የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ካቆምሁ ወራት አልፈው ነበር፤ የወር አበባዬ ግን ገና አልተመለሰም። ከመርፌው በኋላ እንዲህ መዘግየቱ የተለመደ ነው። የወር አበባዋ ሳይመለስ ያረገዘች ሴት ታዲያ የምትቆጥርበት ቀን የላትም። አንባቢ ይህን ነገር ይያዝልኝ፤ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ሥራዬ ዘጋቢነት ነው። ጎንደር ውስጥ በራድዮ ለብዙ ዓመት የጤና ዜና ሠርቻለሁ። ውርጃን የሚመለከተውን ሕግ በየጊዜው በማይክሮፎን ፊት አብራርቻለሁ፦ መቼ እንደሚፈቀድ፣ ማን እንደሚወስን፣ የእናት ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ሐኪም ምን ማድረግ እንደሚችል። በአንቀጽ ደረጃ የማውቀው ነገር ነበር።

ከፋርማሲ በተገዛ የሽንት መመርመሪያ እርግዝናዬን ያወቅሁ ዕለት ለባለቤቴ ለይትባረክ ነገርሁት። እሱ ለእናቱ ነገረ። አማቴ በማግስቱ ከቁስቋም እኛ እስከምንኖርበት ፀዳ ድረስ መጡ፤ ነጠላቸውን ሳያወልቁ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ። «ለመሥሪያ ቤትሽም ቢሆን።»

«ክትትል መጀመር አለብኝ፣ እማዬ።»

«ሐኪም ቤት በር ላይ ሰፈሩ ሁሉ ነው ተሰልፎ የሚውል። ዛሬ ታየሽ ማለት ነገ ተወራ ማለት ነው። እኔ ሰባት ወልጄ አንዱንም ሆዴ ሳይገፋ አላወራሁም። ምነው፣ ሆድሽ ራሱ ቢናገር ምን አለበት?»

በእኛ ዘንድ እርግዝና እስኪታይ ድረስ አይወራም። ዓይን ይፈራል፣ አፍ ይፈራል። የተማረው ይስቅበታል፤ ግን ያደርገዋል። እኔም በሳቅ ተቀበልኋቸው፤ በማቅለሽለሹ መካከል ለክርክር የሚሆን አቅም አልነበረኝም። ለክትትል የሄድሁት ቀሚሴ አልዘጋ ካለ በኋላ ነው። የግል ክሊኒኩ ባለሙያ አልትራሳውንዱን ሆዴ ላይ እያንሸራተተ «ሃያ ሁለት ሳምንት ገደማ» አለ። «በመጀመሪያዎቹ ወራት ብትመጪ ኖሮ በቀናት ልዩነት እነግርሽ ነበር። አሁን ሁለት ሳምንት ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት ይችላል።» ከዚያ «ጤነኛ ናት» አለኝ። ሴት መሆኗን ሳልጠይቀው ነገረኝ።

ራስ ምታቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ። ሳይነስ ነው ተባለ። እግሬ አበጠ፤ አማቴ «ውሃ ነው፣ ስትወልጂ ይወርዳል» አሉ። ጫማ አልገባ ሲለኝ ነጠላ ጫማ አድርጌ ሥራ መግባት ጀመርሁ። የድምፅ ቴክኒሻናችን ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ «ሰብልዬ፣ ዜናው ከባሕር ዳርቻ ነው እንዴ የሚተላለፈው?» ብሎ አሳቀኝ። ከዚያ ከጎድን አጥንቴ ሥር ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም ጀመረኝ። እሱ ደግሞ ጨጓራ ተባለ። በአገራችን ከእምብርት በላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። በሁለቱም ጊዜ መድኃኒት ሰጡኝ። በሁለቱም ጊዜ የደም ግፊቴን የለካ አልነበረም።

አንድ ቀን ዜና እያነበብሁ መስመሮቹ መካከላቸው ጠፋ፤ በወረቀቱ ላይ ብልጭታ ይሄዳል። ዜናውን በቃሌ ጨረስሁት። ከስቱዲዮ ወጥቼ በባጃጅ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ነርሷ ግፊቴን ለካች። መሣሪያውን ወደ ሌላው ክንዴ አዛውራ እንደገና ለካች። ከዚያ ቁጥሩን ሳትነግረኝ «ከማን ጋር መጣሽ?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ከሥራዬ አውቀዋለሁ።

ሆስፒታል ተኛሁ። የጤና ቃላት ላላበዛ፤ በእርግዝና ምክንያት የሚመጣ የደም ግፊት ነው። ኩላሊትን፣ ጉበትን፣ ዓይንን፣ በመጨረሻም አእምሮን ይነካል። እናቲቱን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። ቁርጥ ያለ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ እርግዝናው ማብቃት አለበት።

ወጣቱ ሐኪም አልጋዬ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሐኪም ሲቀመጥ አልወድም።

«ስንት ሳምንትሽ ነው?»

«አላውቅም።»

«የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?»

ስለ መርፌው ነገርሁት። ግንባሩን አሻሸ። «የእኛ ማሽን ሃያ ስድስት ይላል። ከክሊኒክሽ ወረቀት ተነሥቼ ስቆጥር ደግሞ ሃያ ሰባት ሊሞላሽ ነው።»

«ከሃያ ስምንት በታች ከሆነ?»

«አንቺ ታውቂዋለሽ፤ በራድዮ ስታስረጂ ሰምቼሻለሁ።»

«አንተ ንገረኝ።»

«ከሃያ ስምንት ሳምንት በታች ከሆነ አሠራራችን ውርጃ ነው የሚለው። ሕይወትሽ አደጋ ላይ ስለሆነ ሕጉ ይፈቅዳል። የባል ፊርማ አያስፈልግም፤ የአንቺ ቃል ይበቃል። ከሃያ ስምንት በላይ ከሆነ ግን ማዋለድ ነው። የሕፃኗን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ አስቀድመን ለአንቺ እንሰጣለን፤ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉም ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል።»

«መርፌውን አሁን ስጡኝ።»

«አለቃዬን ጠይቄያለሁ። ከዚያ በታች የተወለደ እዚህ ተርፎልን ስለማያውቅ አይታዘዝም። ሰብለ፣ እኔ የምፈራው ለአንቺ ነው።»

ሕጉን አልከስስም። ያ ሕግ ባይኖር ሐኪሙ ያንን ወንበር ስቦ አይቀመጥም ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ሕግ የሆነ ቦታ ላይ መስመር ማስመሩ አይቀርም። ግን በሳምንት የተሰመረ መስመር ቀን የሚታወቅበት አገር ይፈልጋል። እኛ ቀኑን የምንደብቅ ሰዎች ነን። ልጄ ከመስመሩ ወዲህ ትሁን ወዲያ የሚያውቅ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ሆኖም አንዱ ወገን መርፌና ሙቀት ያለው አልጋ አለው፤ ሌላው ወገን የለውም።

በጠያቂ ሰዓት ይትባረክ ከእናቱና ከአባቱ ጋር ገባ። አማቼ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ቁስቋም አካባቢ ሁሉም የኔታ ነው የሚላቸው፣ እኔም ጭምር። ሐኪሙ ለእሳቸውም አስረዳቸው። መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ማዋለድ ከሆነ ይሁን» አሉ። «ውርጃ ከሆነ ግን ያለ ንስሐ አባታችን ቃል አይሆንም።»

«የኔታ፣ ሥራው አንድ ነው» አልሁ። «የሚለየው ስሙ ነው።»

«ስም ቀላል ነገር መሰለሽ ልጄ? ሰው የሚዳኘው በስሙ ነው።» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «አንችንም ላጣሽ አልፈልግም። አንድ ቃል ነው የምሻው።»

የንስሐ አባታችን ለዘመድ ተዝካር ወደ ኮሶዬ ወጥተው ነበር። ስልካቸው አይሠራም። በዚያ ሰሞን ወደዚያ የሚወስደው የደባርቅ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ይትባረክ «ደርሼ እመለሳለሁ» አለኝና ግንባሬን ሳመኝ። ሐኪሙ በሩ ላይ ይዞት ሲያነጋግረው አየሁ፤ ይትባረክ መሬት መሬት እያየ ራሱን ይነቀንቃል።

ቃሌ ይበቃ ነበር። ሐኪሙ ማልዶ ጠየቀኝ፣ ቀትር ላይ ጠየቀኝ። «ባለቤቴ ይመለስ» እለው ነበር። ሆኖም የንስሐ አባቱን ቃል ብቻ አልነበረም የምጠብቀው። በክሊኒኩ ቁጥር ከሄድን መስመሩ ሩቅ አልነበረም፤ አንድ ሳምንት ያህል ብታገሥ ትሻገረዋለች፣ መርፌውንም ይሰጡኛል ብዬ አስቤ ነበር። ግፊቴ በመድኃኒት ትንሽ ሲወርድ «ይኸው፣ ይቻላል» አልሁ። የራስ ምታቱን መደበቅ ጀመርሁ።

ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ እንጉዳይ የምትባል ከኮሶዬ በላይ ካለ ቀበሌ የመጣች ሴት ተኝታ ነበር። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፤ እታለም ትለኛለች። ሕመማችን አንድ ነው። እሷን ገና ቤቷ ሳለች ነው ያንቀጠቀጣት።

«መንፈስ ለከፋት ብለው ጠበል ቸለሱብኝ» አለችኝ። «ጠበሉ ሸጋ ነው፣ በጠበሉ ቂም የለኝም። ብርዱ ነው የገደለኝ!»

«ታዲያ ማን አመጣሽ?»

«በቃሬዛ ነዋ። አማቼ ‹ይህ መንፈስ ከበረታ ሐኪምም ይሞክረው› አለ፤ ጎረምሶቹ ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሱኝ።» ዘወር ብላ ፊቴን አየች። «እኔስ በቃሬዛ መጥቼ እንዲህ በርትቻለሁ። አንች በባጃጅ መጥተሽ ምነው ከእኔ ባስሽ?»

ሳቅሁ። ስስቅ ከጎድኔ ሥር ያለው ሕመም ወጋኝ። እንጉዳይ ቀኗ ደርሶ ስለነበር ወንድ ልጇን በሰላም ተገላግላለች፤ ለጥቂት ቀን ጨቅላ ክፍል አቆይተውታል። ልታጠባው ስትሄድ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ነበር፤ ስትመለስ ግን ቀጥ ብላ ትራመድ ነበር። የእሷን ልጅ ሳምንት ማንም አልጠየቀም። አላስፈለገም።

ይትባረክ በሄደ በሦስተኛው ቀን ጧት የመስኮቱን ብረት እያየሁ ነበር። ብረቱ ሁለት ሆነ። ይህን አስታውሳለሁ። ከዚህ በታች ያለውን ከሐኪሙ፣ ከአማቴና ከእንጉዳይ ጠይቄ ያገኘሁት ነው፤ የማይገጥመውን ትቼዋለሁ።

አንቀጠቀጠኝ። የጮኸችው እንጉዳይ ናት። ማንቀጥቀጡን በመርፌ አቆሙልኝ፤ ከማሕፀኔ ግን ደም መፍሰስ ጀመረ፤ የእንግዴ ልጁ ከቦታው ለቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ቃል የሚጠብቅ አልነበረም። በቀዶ ጥገና አወጧት። በሕይወት ወጣች። ለሳንባዋ የተዘጋጀ ነገር ስላልነበረ የሞከሩት ሁሉ ከተወለደች በኋላ ነው። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሞተች። እኔ ያን ጊዜ በሌላ ክፍል በመሣሪያ እተነፍስ ነበር።

የኔታ መሪጌታ ናቸው እንጂ ቄስ አይደሉም፤ ማጥመቅ አይችሉም። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ቢሆንም ለሞት ያሰጋች ሕፃን ከዚያ በፊት እንደምትጠመቅ ያውቃሉ። በእግራቸው ሄደው ቄስ ይዘው መጡ። ሲደርሱ አልጋው ባዶ ነበር።

ይትባረክ የደረሰው በዚያው ዕለት ወደ ማታ ነው። ወደ ኮሶዬ ሲወጣ መንገድ ተዘግቶበት በእግሩ አቆራርጦ ነው የሄደው። የንስሐ አባታችንን አግኝቷቸው ነበር። ነገሩን ሳይጨርስላቸው «ይህን ልትጠይቀኝ ነው እስከዚህ የመጣኸው?» አሉት። «እናቲቱን አድኑ። ሕፃኗንም ከቻላችሁ። ምን ትቆማለህ፣ ሂድ!» ይህ ነው ቃሉ። ይትባረክ ቃሉን እንዳለ ለእናቱ ነገራቸው፤ አማቴ ደግሞ ለእኔ። እሱ ራሱ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ሐኪሙ ከነቃሁ በኋላ መጣና ወንበሩን ሳይስብ ቆሞ ተናገረ። «በቆዳዋና በእግሯ መዳፍ መስመር ስናየው ሃያ ዘጠኝ፣ ምናልባትም ሠላሳ ሳምንት ትሆናለች። ግፊቱ ምግብ ስለቀነሰባት ትንሽ ሆነች፤ ማሽኑ ትንሽነቷን ነው ያነበበው።»

«ስለዚህ መርፌው ይገባት ነበር።»

«ይገባት ነበር።»

ስላልዋሸኝ አመሰግነዋለሁ።

ቀበሯት። ስላልተጠመቀች ፍትሐት አልተደረገላትም። የኔታ ከጋቢያቸው በታች ይዘዋት ሄዱ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ የት እንደሆነ እሳቸውና ይትባረክ ያውቃሉ። አማቴ እንደሚሉት ከዚያ ወዲህ የኔታ ተማሪዎቹን አሰናብተው ብቻቸውን ዳዊት ይደግማሉ፤ ለማን እንደሚደግሙ ግን አይናገሩም።

ይህ መዳን ከተባለ ዳንሁ። ዓይኔ ለሳምንታት ደብዛዛ ነበር፤ ዜና በትልልቅ ፊደል አትመውልኝ ነበር የማነብበው። የግፊት ኪኒን እስከ ዛሬ እወስዳለሁ። ሰዎች ቤቴ መጡ፤ እንደ ለቅሶ ግን አልተቀመጡም፤ ለጨቅላ አይለቀስም። «እንኳን አንቺ ተረፍሽ»፣ «ማሕፀንሽ ይለምልም» ብለው ቶሎ ይነሡ ነበር። ከመሥሪያ ቤት ደግሞ የሰው ኃይል ባልደረባዬ እየተሳቀቀች ደወለች፤ «ሰብልዬ፣ የወሊድ ፈቃድ ነው የምንለው ወይስ የሕመም? ስንት ሳምንትሽ ነበር?» ሆስፒታሉም ጠይቆኛል፣ አሁን ደግሞ ደሞዝ ከፋዬ ጠየቀኝ። የሕመም ብላችሁ ጻፉ አልኋት።

ይህን የምጽፈው ለሚያነብቡ እርጉዞችና ባሎቻቸው ነው። የወሊድ መከላከያ መርፌ አቁማችሁ የወር አበባችሁ ሳይመለስ ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ፣ ታይፎይድ ከመባላችሁ በፊት የሽንት ምርመራ አድርጉ። እርግዝናውን ለጎረቤት አትናገሩ፤ ለሐኪም ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ተናገሩ። ያ የመጀመሪያ አልትራሳውንድ ሥዕል ለማየት አይደለም፤ ልጃችሁ በሕግ ፊት ማን እንደሆነች የሚመሰክርላት እሱ ብቻ ነው። ራስ ምታት፣ እብጠት፣ የዓይን ብልጭታ፣ ከጎድን ሥር ሕመም ሲመጣ «ግፊቴን ለኩኝ» በሉ። ሳይለኩ ኪኒን ከሰጧችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ። ይህን ሁሉ ብታደርጉ ልጃችሁ ትተርፋለች ብዬ ቃል አልገባም። የእኔም ትተርፍ እንደነበር አላውቅም።

ለክትትል ስመለስ የመጠበቂያው አግዳሚ ሞልቶ ነበር። ከጥጉ አንዲት ሴት «እታለም!» ብላ ተጣራች። እንጉዳይ ናት። ልጇን በጀርባዋ አዝላለች፤ አንገቱ ላይ አዲስ ማተብ አለ። ገፋ ገፋ ብላ ቦታ አበጀችልኝ።

«ክርስትናው ገና ያለፈው እሑድ ነው» አለች፤ ወዲያው ደግሞ ደስታዋን እንደ ስርቆት ዕቃ ነጠላዋ ሥር ከተተችው። «ያች ልጅሽስ? እኔ ሳልሰማ ነው ያስወጡኝ።»

«ሞተች።»

ሳምንቱን ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«አልቅሳ ነበር?» አለችኝ።

ሰውን በመጠየቅ የምኖር ሰው ነኝ፤ ስለ ልጄ ሐኪሙን፣ አማቴን፣ ባለቤቴን ጠይቄያለሁ። ይህን አልጠየቅሁም።

ተነሥቼ ወደ ማዋለጃው ክፍል ሄድሁ። ያን ዕለት የነበረችውን አዋላጅ አገኘኋት፤ ጓንቷን እያወለቀች ነበር። ስሜን ነገርኋት፤ አላስታወሰችኝም። የኮሶዬዋ ሴት ጮኻ የጠራቻችሁ ዕለት ስላት አስታወሰች።

«አልቅሳ ነበር?» አልኋት።

«አልቅሳለች» አለች። «ድምፅዋ ቀጭን ነበር። ሐኪሙ በስፌት ላይ ነበር፤ ቀና ብሎ ‹እሷ ናት?› ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ እሷ ናት አልሁት።»

ወደ አግዳሚው ተመለስሁ። «አልቅሳለች» አልኋት ለእንጉዳይ። ነጠላዋን ገልብጣ አዘቀዘቀችው፣ ልጇን በጀርባዋ እንዳዘለች ጎንበስ አለችና እዚያው ሰልፉ መካከል ሰው እንደ ሞተበት ሰው አለቀሰች። ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩን። ለልጄ የተለቀሰው ያን ጊዜ ብቻ ነው።